በመዝገብ ያልነበረችው ተሳፋሪ

መንጃ ፈቃዱን ያወጣችው ገና ሳታገባ ነው። ታላቅ ወንድሟ የዕቃ መጫኛ መኪና ነበረው፤ እሁድ እሁድ ሜዳ ወስዶ መሪውን ያስጨብጣትና እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። «ለምንድን ነው የምትጨፍነው?» ስትለው «ያላየሁት ነገር አያስደነግጠኝም» ይላታል። እንዲህ እየተቀለደባት ተማረች፣ ፈተናውንም አለፈች። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣች፣ ወንድሟም መኪናውን ሸጠው። መንጃ ፈቃዱ ከሠርጉ ፎቶግራፎች ጋር ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ጊዜው በደረሰ ቁጥር ማሳደሱን ግን አልተወችም። ባሏ «መኪና ሳይኖርሽ ምን ያደርግልሻል?» ሲላት «አንተስ ፀጉርህ ካለቀ ወዲያ ማበጠሪያ በኪስህ ትይዝ የለ?» ትለዋለች፤ ነገሩ በሳቅ ያልፋል።

ባልየው በያጅ ነው። ከቤታቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ባለ ወርክሾፕ በርና መስኮት ይሠራል። ሥራ ሲኖር ቀና ማለት የለም፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ አላፊ አግዳሚውን ማማት ነው። እሷ ቤት ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ኮሌታውን በጆንያ እየላከ የሚያሰፋት ፋብሪካ አንድ ቀን ይህንኑ የሚሠራ ማሽን ገዛና ጆንያው በዚያው ቀረ። የበያጁ ገቢ ብቻውን ቤት ኪራዩንም የልጅቱን ትምህርት ቤትም ሊሸከም አልቻለም። ልጅቱ አንደኛ ክፍል ናት፤ ጉንጯ እንደ ዳቦ የተነፋ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ጉንጬ» ነው የሚላት። ጉንጬን ከዚያ ትምህርት ቤት ማስወጣት የሚለው ነገር ሲነሳ እናትየው ወሬውን ታስለውጣለች፤ ጭራሽ መስማት አትፈልግም።

ማስታወቂያውን ያየችው ልጇን አድርሳ ስትመለስ ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። የተማሪዎች ሰርቪስ የሚያሰማራ ድርጅት መንጃ ፈቃድ ያላቸው ወላጆችን በትርፍ ሰዓት መቅጠር ይፈልጋል። ጠዋት ልጆቹን መሰብሰብ፣ ከሰዓት መመለስ፤ መሀል ያለው ሰዓት የራስ ነው። ከግርጌው ደግሞ «የራስን ልጅ አሳፍሮ መሥራት ይቻላል» የሚል አለበት። ሌሎቹ እናቶች እያነበቡ አለፉ። እሷን እግሯ አልነቀል አላት።

«ሚኒባስ?» አለ በያጁ ማታ ስትነግረው። «ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የቤት ኪራይ ከፍሎልን ያውቃል?»

«እኔ እንኳ ምንም አላልኩም። ብቻ ልጆቹ እዚያ ወርክሾፕ… አፋቸውን ታውቂው የለ? ሚስትህ ስትነዳህ እያሉ…»

«አንተን የሚነዳ ማን አለ! የምነዳው መኪና ነው» አለችና መንጃ ፈቃዷን ከሳጥኑ አውጥታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። ነገሩ ያን ማታ አለቀ፤ ማለት በእሷ በኩል አለቀ።

የድርጅቱ ስምሪት ኃላፊ ሰዓቱን ሳያይ ሰላምታ የማይመልስ ቀጭን ሰውዬ ነው። ሾፌሮቹ «አቶ ደቂቃ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ ደስም ይለዋል መሰል ተቆጥቶ አያውቅም። ለፈተና በሁለት በርሜሎች መካከል ሚኒባሱን በኋላ ማርሽ እንድታስገባ አዘዛት። ሾፌሮች ሻያቸውን እንደያዙ ከየጥላው ብቅ ብቅ አሉ። ነጻ ትርኢት ማን ይጠላል? እሷ ስፖኪዮውን አየች፣ መሪውን ጠመዘዘች፣ አንደኛውን በርሜል ድው አድርጋ ገጨችው። በርሜሉ እየተንከባለለ ግቢውን አቋረጠ።

«ነፍስ ይማር!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፊቷ እሳት ሆነ። ከመኪናው ወርዳ በርሜሉን ራሷ እያንከባለለች መልሳ አቆመችው። ከዚያ ወደ አቶ ደቂቃ ዞር ብላ «አንድ ጊዜ ልድገመው፤ ይኼ መኪና ከወንድሜ መኪና ጎኑ ይሰፋል፣ አሁን ለክቼዋለሁ» አለችው። ሰውዬው ሰዓቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን ጊዜ እንደ መሳቢያ አስገባችው። ሻይ የያዙት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ጥላቸው ተመለሱ። የሦስት ወር ሙከራ ተሰጣት።

ሥራው ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። አንዱ ልጅ ካልሲውን ረስቶ ይወጣል፣ አንዷ ካላስመለሰች መንገዱ አይገፋላትም፣ አንዱ ደግሞ መኪናው እስኪቆም የሚጠይቀው ጥያቄ አያልቅም። የስድስተኛ ክፍሏ ረጅሟ ልጅ ማንም ሳይሾማት የሚኒባሱ አለቃ ሆናለች፤ ቦታ ትደለድላለች፣ መስኮት ታስዘጋለች፣ ታስታርቃለች። ልጆቹ ለሾፌሯም ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በየማቋረጫው፣ በየጉብታው፣ ድመት ባየች ቁጥር ፍሬን ስለምትይዝ «እትዬ ፍሬን» አሏት። እሷም «ፍሬን ብዬ ትምህርት ቤት ሳላደርሳችሁ የቀረሁበት ቀን አለ?» ትላቸዋለች።

በያጁ ግን እንደፈራው አልቀረለትም። ሚኒባሷ በወርክሾፑ በኩል ስታልፍ ባልደረቦቹ ያፏጫሉ፣ «አለቃህ መጣች!» ይሉታል። እሱም ያን ሰዓት የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያጎነብሳል። የሚበየድ ነገር ባይኖርም ያጎነብሳል። እሷ ታየዋለች። አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም፤ ሆዷ ውስጥ ግን አስቀምጣዋለች።

ጉንጬን በተመለከተ አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጎህ ሲቀድ እናትና ልጅ ተያይዘው ወደ ድርጅቱ ግቢ ይሄዳሉ። ጉንጬ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለችው ቦታ ላይ ቢጫ ሹራቧን ኮፍያው ድረስ ለብሳ ትጠቀለልና ትተኛለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተረኛዋ መምህርት በር ላይ ቆማ ተሳፋሪዎቹን ከመዝገብ እየጠራች ታስገባለች፤ የተጠራ ይገባል። ሾፌር የሚያመጣው የራሱ ልጅ ስለማይከፍል መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ሁሉም ተጠርቶ ሲያልቅ ጉንጬ በመጨረሻ ሹልክ ብላ ትገባና ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። ልጆቹ ሁሉ በየበራቸው ወርደው ሲያልቁ፣ መኪናው ግቢ ሲገባ፣ እናትየው እስከ ኋላ ድረስ ሄዳ እያንዳንዱን ወንበር በእጇ ትዳስሳለች፤ የተኛ ልጅ እንዳይቀር ድርጅቱ የደነገገው ነው። ከዚያ ጉንጬን ቀስቅሳ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ለሁለቱም የቀኑ ምርጥ ሰዓት ይኼ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሲያወሩ ነው የሚደርሱት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አዲስ ልጅ ተጨመረ። ድንቢጥ የሚያህል የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ነው፤ የመምህርቷን ጉልበት አቅፎ አልለቅም ብሎ ይጮሃል። እትዬ ፍሬን ወርዳ አባበለችው፣ አቅፋ አስገባችው፣ መሀል ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ለአለቃዋ፣ ለረጅሟ ልጅ፣ «እዪልኝ» አለቻት። በዚህ ግርግር መሀል ጉንጬ የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ጋ ቆማ እጇ ላይ የደረቀ ቀለም ታጥብ ነበር። ሊስትሮ እንኳ የማያስለቅቀው ዓይነት ቀለም! መዝገቡ ተጠርቶ አለቀ። መምህርቷ በሩን ዘጋች። ሚኒባሷ ተነሳች።

እናትየው በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ቢጫው ሹራብ ከጀርባዋ ተጠቅልሏል፤ ኮፍያው ዘንበል ብሏል። «ዛሬም ገና ሳንነሳ ተኛሽ?» አለች። መልስ የለም። መልስ አግኝታም ስለማታውቅ አልገረማትም። ልጆቹን በየደጃቸው አወረደች። በየደጁ ሰው ቆሟል፤ እናት፣ አያት፣ ሠራተኛ፣ ታላቅ እህት። የአንዱ እናት ደቂቃ ቢያልፍ ስልኳን ታነሳለች፤ የሌላዋ አባት መሀል መንገድ ገብቶ ነው የሚጠብቀው። አለቃዋም ወረደች።

የመጨረሻው በር የአዲሱ ልጅ ነበር። አያቱ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ወደ መንገዱ ወጥታ ትጠብቃለች። እትዬ ፍሬን ዞራ በሩን ከፈተችና መሀሉን ወንበር አየች፤ ባዶ ነው። «የት ሄደ?» ስትል ቢጫው ሹራብ ተንቀሳቀሰ። ኮፍያው ወደ ኋላ ወደቀና ከውስጡ የአዲሱ ልጅ በእንባ የደረቀ ፊት ወጣ። አለቃዋ ናት፤ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ሲያለቅስባት ጊዜ ወደ ሞቀው ቦታ አዛውራ፣ ጉንጬ ጠዋት ወንበሩ ላይ ትታው የወረደችውን ሹራብ አልብሳ አስተኝታዋለች፤ ጉንጬ ዛሬ የቀረች መስሏታል። ደግ ሥራ ነው፣ ምን ይባላል።

እናትየው ክው ብላ ቀረች። ልጁን እንዴት ለአያቱ እንዳስረከበች አታስታውስም። ወደ ጋቢናው ተመለሰች። ከጠዋት ጀምሮ የሰው ልጅ እየጠራች፣ እየዳሰሰች፣ በየሰዉ እጅ እያስረከበች የራሷን ጥላ መጣቷን አሁን ነው ያወቀችው። መኪናውን አዞረች። እግሯ ነዳጁን ካልረገጥኩ ይላል፤ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ በየማቋረጫው ፍሬን ያዘች። ባዶ መኪና ነው ብላ ብትበር ደግሞ የማንን ልጅ ልትገጭ? እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ፍሬቻዋን በወጉ እያበራች ደረሰች።

ጉንጬ ከዘበኛው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ይዛለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

«አይዞሽ ልጄ፣ ምንም አልሆነች» አላት ዘበኛው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ የራስሽ ልጅ ናት፤ መዝገብ ላይ የለችም። እኔም ምንም አላየሁ። ማን ይጠይቅሻል?» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ» ብላ ልጇን አቀፈች። ልጅቱ አቅፋ አልመለሰችላትም።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ወሬ አልነበረም። ቤት ገብተው እግሯን እያጠበቻት ሳለ ነው ጉንጬ አፏን የከፈተችው።

«እማዬ፣ ሁሉም ልጅ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው አለ አይደል?»

«አለ።»

«እኔን ማነው የሚጠብቀኝ?»

«እኔ ነኛ!»

«አንቺማ እየነዳሽ ነበር» አለች ልጅቱ። «እኔ ብቀር የሚደውል የለም። እኔ መኪናው ውስጥ አልገባም ከእንግዲህ።»

እናትየው ሳሙናውን አስቀመጠች። ልጅቱ አላጋነነችም፣ አላኮረፈችም፤ እውነቱን ነው የነገረቻት። ከሌሎቹ ልጆች አንዱ ቢጎድል በሩ ላይ የቆመ ሰው ይጮህ ነበር። የጉንጬ ጠባቂ ግን መሪ ይዛ ፊቷን ወደፊት አዙራ ተቀምጣለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጉንጬ እንደ ቃሏ አልንቀሳቀስ አለች። ቢለምኗት፣ ቢቆጧት ወይ ፍንክች! የሰው ልጆች በየበራቸው እየጠበቁ ስለሆነ እናትየው ጥላት ሄደች፤ ሁለተኛ ጥዬያት ሄድኩ እያለች ነው የሄደችው። በያጁ ልጅቱን በእግር አደረሰ፣ ከሰዓትም በእግር መለሰ። ሰኞም እንዲሁ። ሰኞ ማታ ፊቱን ጥሎ መጣ።

«ፎርማኑ ወይ በያጅ ሁን ወይ ሞግዚት ሁን ብሎኛል። እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ነው የታገሠኝ።» ቀጥሎም «ተይው ሥራውን» አላት። «ሞክረሻል። ማንም አይወቅስሽም።»

«ሥራውንም አልተውም፣ ልጄንም አልተውም» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን አድርሳ እንደተመለሰች አቶ ደቂቃ ቢሮ ገባች። ቁጭ ሳትል የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ሰውዬው ሰዓቱን ማየት ረስቶ ሰማት።

«እንዲህ ነዋ» አለ ስትጨርስ ግንባሩን እያከከ። «ግን ችግር አለ። ተሳፋሪ ጥሎ የሄደ ሾፌር ይቀጣል ነው የሚለው ደንቡ። ልጅሽ ደግሞ ተሳፋሪ አይደለችም። መዝገብ ላይ የሌለ ልጅ ሊረሳ አይችልም።»

«ይኸው ተረሳ እኮ!»

«በደንቡ መሠረት አልተረሳችም ነው የምልሽ። ታዲያ ምን ልርዳሽ? ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?»

«እኔ እንዲታወቅ ነው የመጣሁት። ልጄን መዝግቡልኝ። እንደማንም ልጅ በስሟ ትጠራ፣ እንደማንም ልጅ በሯ ላይ ትውረድ።»

አቶ ደቂቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ልጅቱ ከተመዘገበች እንደማንም ተሳፋሪ እንደምትከፍል ነገራት፤ ያ ማለት ከደመወዟ ደህና ቁራጭ ይሄዳል። ከተመዘገበች የሐሙሱም ጥፋት ጥፋት ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል፣ የሙከራ ጊዜዋም ይራዘማል።

«ይቆረጥ» አለች። «ይጻፍ። ይራዘም።»

«አንድ ነገር ቀረ» አለ ሰውዬው፣ አሁን እሱም ነገሩ እየሳበው። «ተቀባይ። ሾፌር የገዛ ልጁን ለራሱ ማስረከብ አይችልም። በር ላይ ቆሞ ‹እኔ ነኝ› የሚል ሰው ካልመጣ ልጅ ከመኪና አይወርድም፤ ይዘሽው ግቢ ትመጫለሽ። የልጅሽ ተቀባይ ማነው?»

«አባቷ።»

«በሥራ ሰዓት ይመጣል?»

«ይመጣል» አለች። አፏን ሞልታ ነው ያለችው፤ ልቧ ግን የብየዳ ጭምብሉን እያሰበ ነበር።

ማታ ለበያጁ ስትነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እዚያ አስፋልት ዳር? በሁሉ ፊት ቆሜ?»

«ቆመህ።»

«አንቺ እኮ አታውቂያቸውም፤ ዕድሜ ልኬን ነው የሚያላግጡብኝ።»

«ያላግጡ። ሁልጊዜ ሳልፍ ጭምብልህን ስትደፋ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ለራሴ ስለሆነ ችዬዋለሁ። ይኼ ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም። ልጅህ የሚጠብቀኝ የለም ብላኛለች።»

በያጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ጭምብሉን እንደምታይ አያውቅም ነበር ለካ። እሺም እምቢም ሳይል ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ። ጉንጬ በበኩሏ ስትደራደር ቆይታ «አንድ ቀን ብቻ እሞክራለሁ» አለች። «ካልሆነ ግን በቃ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት ተረኛዋ መምህርት ከመዝገቡ ግርጌ አዲስ ስም ጠራች። «አቤት!» አለች ጉንጬ፣ ግቢው ውስጥ የነበሩ ወፎች እስኪነሱ ድረስ። አንገቷ ላይ እንደ ሌሎቹ ስሟ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል። ከእናቷ ጀርባ አልተቀመጠችም፤ መሀል፣ ከአለቃዋ አጠገብ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ዓይኗን አልከደነችም፤ እናቷ በመስታወት ባየቻት ቁጥር እሷም መስታወቱን ስታይ ታገኛታለች።

የጉንጬ ተራ ደረሰ። እትዬ ፍሬን ወርክሾፑ ፊት ለፊት ቆመች፣ ወርዳ በሩን ከፈተች። አስፋልቱ ዳር ማንም የለም። ማዶ የብየዳው ብልጭታ ይታያል፤ ሁለቱ ባልደረቦች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ጠበቀች። ደሟ እየፈላ ጠበቀች።

«እትዬ፣ ቤታቸው እኮ ያውና!» አለች አለቃዋ። «ትውረድና ትሂዳ።»

እውነቷን ነው፣ የቤቱ በር ከዚያ ይታያል። ጉንጬ ቦርሳዋን አቅፋ እናቷን ታያለች። አሁን ብታወርዳት ማንም አይናገራት። ልጅቱ ግን የምታየው ይህንኑ ነው፤ እናቷ ለእሷ ሲሆን ደንቡን ታላላ እንደሆን።

«ተቀባይ የሌለው ልጅ አይወርድም» አለች እናትየው። «ይዣት ግቢ እሄዳለሁ። እዚያም አብሬያት እቀመጣለሁ።»

የጉንጬ ከንፈር ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ታፈነ። እናትየው በሩን ዘጋች፣ ወደ ጋቢናው ወጣች፣ ማርሽ አስገባች። ባሏን እየረገመች፣ ማልቀስ እያማራት፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ስትጀምር ማዶ አንድ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ።

በያጁ ነው። የቆዳ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ጭምብሉን አናቱ ላይ ገልብጦ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። «ቆይ! ቆይ! ቆይ!» ባልደረቦቹ ማፏጨት ጀመሩ። መኪናው ጋ ደርሶ ጎኑን በመዳፉ ደበደበ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እሷ ወረደች። በሩን ግን አልከፈተችም።

«ማን ልበል?» አለችው።

«ኧረ አንቺ… የያዝኩት ማጠፊያ… ካልጨረስኩት ይጣመምብኝ ነበር እኮ። አሁን ቀልድ ነው?»

«ማን ልበል?»

በያጁ ቀና አለ። መስኮቱ ሁሉ በልጆች ፊት ተሞልቷል። መሀል ላይ ጉንጬ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ታየዋለች። ከጀርባው ፉጨቱ አላቆመም። ጭምብሉን ከአናቱ አወለቀና እጁ ላይ ያዘው፤ ላብና ጥላሸት ያዥጎረጎረው ፊቱ ለሁሉም ታየ።

«አባቷ ነኝ!» አለ። እንደገናም ጮክ ብሎ፣ ወርክሾፑም ጎን ያለው ሱቅም እንዲሰማው አድርጎ፣ «የጉንጬ አባት ነኝ! ልጄን ልቀበል ነው የመጣሁት!»

ፉጨቱ ቆመ። እትዬ ፍሬን በሩን ከፈተችለት። ጉንጬ ካርዷን አስተካክላ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብላ ወረደችና እጇን ለአባቷ ሰጠች። «ብትቀር ግቢ ድረስ ይዛኝ ልትሄድ ነበር እኮ!» ስትለው ይሰማል፤ አባትየው «አልቀርም» ይላታል።

ሐሙስ ጠዋትም እናትየው ብቻዋን ወደ ግቢ ሄደች። መንገዱ ረዘመባት፤ የምታወራው ሰው አልነበራትም። መኪናውን አስነሳች፣ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ሰበሰበች፣ ወደ ሰፈሯ ስትቃረብ ፍጥነቷን ቀነሰች። አንድ ቀን ብቻ ነበር የተባለችው።

ከኩርባው ስትወጣ አየቻቸው። አስፋልቱ ዳር አባትና ልጅ ተያይዘው ቆመዋል። ልጇን ከሩቅ፣ በሰው እጅ ሆና፣ መንገድ መንገድ እያየች ስትጠብቃት አይታ አታውቅም ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በእጇ ጀርባ ጠርጋ ፍሬን ያዘች። በሩ ሲከፈት ጉንጬ ገና ሳትገባ ጀምራ «ላጲሴን መልሺልኝ ብዬሻለሁ!» እያለች ተንደርድራ ከአለቃዋ ጎን ተቀመጠችና ክርክሯን ቀጠለች። እናቷን ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። ሴትየዋ እንዲህ ተረስታ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ለበያጁ እጇን አንስታ፣ በመስታወቱ ሁሉም መቀመጣቸውን አይታ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች።